ያየነውና ያለው፦ ከዘቢዳር እስከ ዝዋይ ወፎችን እንዴት እንቆጥራለን?

እንሴኖ ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ በሚወስደው መንገድ ላይ በመስቃን አካባቢ የምትገኝ ከተማ ናት። በስተምዕራቧ ከ3,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የዘቢዳር ተራራ ይታያል። በስተምሥራቅ ምድሩ እየዘቀጠና እየሞቀ ሄዶ 1,636 ሜትር ገደማ ላይ ዝዋይ ሐይቅ ይደርሳል። ከጉራጌ ተራሮች የሚነሣው የመቂ ወንዝም ውኃውን የሚያፈስሰው እዚያው ሐይቅ ውስጥ ነው። ከተራራው እስከ ሐይቁ ያለው ርቀት ለመኪና ብዙ አይደለም። በዚህ አጭር መንገድ ግን የደጋ ሣርና አስታ፣ የእንሰት ጓሮ፣ የባሕር ዛፍ ተክል፣ የበርበሬና የበቆሎ ማሳ፣ ግራር የበቀለበት ግጦሽ፣ የወንዝ ዳር ዛፍ፣ በመጨረሻም ቄጠማና ፊላ ያለበት የሐይቅ ዳርቻ ይፈራረቃሉ። ከ860 በላይ የወፍ ዝርያዎች በተመዘገቡባት ኢትዮጵያ፣ እንዲህ የተለያዩ መኖሪያዎች በአንድ ቀን መንገድ ላይ የሚገኙበት ሥፍራ ለወፍ ጥናት ትልቅ ሀብት ነው።

ይህን መንገድ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። ከእነዚህ መኖሪያዎች ወፍ የሚበዛበት የትኛው ነው? የእንሰት ጓሮ ተነቅሎ ባሕር ዛፍ ወይም ጫት ሲተከልበት የትኞቹ ወፎች ይቀራሉ፣ የትኞቹስ ይጠፋሉ? የዝዋይ የውኃ ወፎች ከአሥር ዓመት በፊት ከነበሩት አንሰዋል ወይስ በዝተዋል? ጥያቄዎቹ ቀላል ይመስላሉ፤ ወጥቶ መቁጠር ብቻ የሚበቃም ይመስላል። ነገር ግን ወጥቶ የቆጠረ ሁሉ መልሱን አያገኝም። ምክንያቱ አንድ ነው፤ ይህ ጽሑፍም የሚያብራራው እርሱን ነው። በቆጠራ የምናገኘው አኃዝ የወፎቹ ብዛት አይደለም። በቦታው ያሉት ወፎች ብዛት፣ ለእኛ ከመታየታቸው ወይም ከመሰማታቸው ዕድል ጋር ተባዝቶ የሰጠን ውጤት ነው። ይህ ዕድል ደግሞ ከመኖሪያ መኖሪያ፣ ከሰዓት ሰዓት፣ ከወቅት ወቅት፣ ከሰው ሰው ይለያያል።

የመስቀል ወፍ የምታስተምረን

ይህን ለመረዳት የመስቀል ወፍን ማሰብ ይበቃል። መስቀል በጉራጌ ምድር የዓመቱ ትልቅ በዓል ነው፤ ወፏም ከበዓሉ ጋር ተያይዛ ትታወቃለች። ክረምቱ ሲያበቃና አደይ አበባ ሲፈነዳ፣ ጥቁር ከቀይ ወይም ጥቁር ከቢጫ የተዋበ፣ አንዳንዱም ረጅም ጅራት ያወጣ ወፍ በሣሩና በእህሉ ላይ ብቅ ይላል። ብዙዎቻችን ከሩቅ አገር የመጣ፣ በዓመት አንዴ ብቻ የሚጎበኘን እንግዳ አድርገን እንቆጥረዋለን።

እውነቱ ሌላ ነው። የመስቀል ወፍ ተብለው የሚጠሩት ዝርያዎች አገር አቋርጠው የሚመጡ አይደሉም። የሚለወጠው የወንዱ ላባ ነው። የመራቢያው ጊዜ ሲቃረብ ወንዱ የድግስ ልብሱን ይለብሳል፤ ጊዜው ሲያልፍ ያንን ላባ ጥሎ እንደ ሴቷ ቡናማና ዥጉርጉር ይሆናል። ከዚያ በኋላ ከድንቢጥ መንጋ ጋር ተቀላቅሎ በአጠገባችን ቢያልፍም አናውቀውም።

አሁን አንድ ሰው በመስከረም መጨረሻ በእንሴኖ ዙሪያ ቆጥሮ 40 የመስቀል ወፍ አገኘ እንበል። በየካቲት ተመልሶ ያንኑ ማሳ ቢቆጥር አንድም ላያገኝ ይችላል። «የመስቀል ወፍ ጠፋ» ብሎ ቢጽፍ ስሕተት ነው፤ ያልተገኘው ወፉ ሳይሆን መለያው ነውና። «ወንዱ 40፣ ሴቷ ምንም» ብሎ ቢጽፍም ስሕተት ነው፤ ሴቷ በመስከረምም ቡናማ ስለሆነች ከዓይን ታመልጣለች። ስለዚህ ቆጣሪ ከሁሉ በፊት «ስንት አየሁ?» ከማለቱ ጎን «ከነበሩት ውስጥ ስንቱን የማየት ዕድል ነበረኝ?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

ከመውጣት በፊት፦ ጥያቄውና ቦታው

ጥሩ ቆጠራ የሚጀምረው ቤት ውስጥ ነው። መጀመሪያ የሚወሰነው ጥያቄው ነው። «በዚህ አካባቢ ምን ምን ወፎች አሉ?» የሚል ሰው የዝርያ ዝርዝር ይበቃዋል፤ በየስርቻው ዞሮ፣ በየሰዓቱ ወጥቶ፣ ያየውን ሁሉ ቢመዘግብ ጥያቄው ይመለሳል። «ከእንሰት ጓሮና ከበርበሬ ማሳ ወፍ የሚበዛው በየትኛው ነው?» የሚል ሰው ግን ሁለቱን በእኩል ዘዴ፣ በእኩል ጊዜና በእኩል ልፋት መቁጠር አለበት። «ካለፈው ዓመት ወዲህ ቀነሱ ወይ?» የሚል ደግሞ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ወቅት፣ በዚያው ዘዴ መመለስ ይኖርበታል።

ቀጥሎ መኖሪያዎቹን መለየት ነው። «እንሰት» ስንል ምን ማለታችን ነው? በጉራጌ ገጠር ቤቶቹ ጀፎረ የሚባለውን ሰፊ የሣር አደባባይ ፊት ለፊት ይዘው ይሠራሉ፤ እንሰቱ ከቤቱ ጀርባ ነው። ከእንሰቱ ጋር ጎመን፣ ቡና፣ አልፎ አልፎም ትልቅ የአገር በቀል ዛፍ ይኖራል። ዛፍ ያለበት ጓሮና ዛፍ የሌለበት ጓሮ ለወፍ አንድ አይደሉም። ስለዚህ ከመውጣታችን በፊት በየዓይነቱ ከፍለን ትርጉሙን በጽሑፍ እናስቀምጣለን፤ በኋላ ሌላ ሰው ሲመጣ እኛ «እንሰት» ያልነውን እርሱም «እንሰት» ይለዋል።

ከዚያ በእያንዳንዱ ዓይነት መኖሪያ ውስጥ የምንቆምባቸውን ነጥቦች እንመርጣለን። ፈተናው እዚህ ላይ ነው፤ እግር የሚወስደን ወደሚመቸን ቦታ ነውና። ጀፎረውን ይዞ መሄድ ቀላል ነው፤ ሜዳ ነው፣ መንገድ ነው፣ ማንንም አያስቸግርም። ነገር ግን ጀፎረውን ብቻ ይዞ የሄደ ሰው የቆጠረው የጀፎረውን ወፍ እንጂ የእንሰቱን ወፍ አይደለም። ዝዋይም ላይ እንደዚሁ ነው። ዓሣ አስጋሪዎች ዓሣቸውን በሚያራግፉበት ዳርቻ አባ ኮዳው ተኮልኩሎ፣ ፔሊካኑ አፉን ከፍቶ ትራፊ ሲጠብቅ ይታያል። እዚያ ቆሞ የቆጠረ ሰው «ሐይቁ በአባ ኮዳ ተሞልቷል» ሊል ይችላል፤ ከዚያ ርቆ ባለው ዳርቻ ግን አንድ አባ ኮዳ ላይኖር ይችላል። መድኃኒቱ ነጥቦቹን በዕጣ ወይም በእኩል ርቀት አስቀድሞ ካርታ ላይ ማስፈር ነው። ዕጣው ጭቃ ውስጥም ይጣለን፣ እሾህ ውስጥም ይጣለን፣ የወጣልን ቦታ ላይ እንቆማለን።

ነጥቦቹ ቢያንስ 200 ሜትር ያህል መራራቅ አለባቸው፤ አለዚያ አንዱን ወፍ ሁለት ጊዜ እንቆጥራለን። በአንድ ሰው ጓሮ ውስጥ ተጠጋግተው የቆሙ አሥር ነጥቦችም የአሥር ጓሮ ምስክር አይሆኑም። ያ ጓሮ ትልቅ ሾላ ስላለው ብቻ በወፍ የተሞላ ሊሆን ይችላል። በአሥር የተለያዩ ሰዎች ጓሮ አንድ አንድ ነጥብ ማድረግ ስለ እንሰት ጓሮ የበለጠ ይነግረናል።

አሥር ደቂቃ በእንሰት ውስጥ

የየብስ ወፎችን ለመቁጠር በብዛት የሚሠራባቸው ሁለት ዘዴዎች አሉ። አንደኛው የመስመር ቆጠራ ነው፤ ቆጣሪው አስቀድሞ በተለየ ቀጥተኛ መስመር ላይ በዝግታ እየተራመደ በግራና በቀኝ ያየውንና የሰማውን ይመዘግባል። ግራር ለበቀለበት ግጦሽና ለደጋ ሣር ይህ ይስማማል፤ ዓይን ሩቅ ይደርሳል፣ እግርም አይደናቀፍም። ሁለተኛው የነጥብ ቆጠራ ነው፤ ቆጣሪው አንድ ቦታ ቆሞ ለተወሰነ ደቂቃ በዙሪያው ያለውን ይመዘግባል። ጥቅጥቅ ላለ ተክል፣ ለጓሮና ለጫካ የሚሻለው ይህ ነው፤ በእንሰት መካከል እየሄዱ ወፍ ማዳመጥ አይቻልምና።

በእንሰት ጓሮ የሚደረግ የነጥብ ቆጠራ ይህን ይመስላል። ቆጣሪዋ ነጋ አልነጋ ስትል ትደርሳለች። ከሁሉ አስቀድማ ባለቤቱን «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? ወፍ ለመቁጠር ነው የመጣነው፤ ጓሮዎ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ብንቆም ይፈቅዱልናል?» ብላ ትጠይቃለች። ፈቃዱ ካልተገኘ ነጥቡ ይቀየራል፤ ለውጡም ይመዘገባል። ስትገባ ወፎቹ ደንግጠው ዝም ስለሚሉ አንድ ሁለት ደቂቃ ሳትንቀሳቀስ ትጠብቃለች። ከዚያ ሰዓቷን አይታ አሥር ደቂቃውን ትጀምራለች።

ከሰው ቁመት እጥፍ የሚሆነው የእንሰት ቅጠል ከፊቷ ተዘርግቷል፤ ዓይኗ ከጥቂት እርምጃ በላይ አያልፍም። ስለዚህ የምትሠራው በጆሮዋ ነው። ከአጥሩ በኩል ጥቁር ራስ ያለው ቡልቡል ይጮኻል፤ «ቡልቡል፣ 1፣ በድምፅ፣ 20 ሜትር» ብላ ትጽፋለች። የደረቀው የእንሰት ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ዞር ብላ ታያለች፤ ነፍሳት ፍለጋ ቅጠሉን የምትቆፍር ትንሽ ወፍ ናት፤ «በዓይን፣ 8 ሜትር» ትላለች። ማር የሚመጥጥ ቀጭን ምንቃር ያለው ወፍ ከአበባ አበባ ሲዘል ያልፋል። ከዚያ በአገራችንና በኤርትራ ብቻ የሚገኘው፣ ከአንገቱ ሥር ቆዳ ያንጠለጠለው አይቢስ፣ ጉራንጉሩን ሁሉ በሚያስተጋባ ጩኸት በሰማይ ላይ ያልፋል። እርሱን ለብቻው «በላይ ያለፈ» በሚል ዓምድ ትመዘግበዋለች፤ ጓሮውን እየተጠቀመበት አይደለምና። አሥረኛው ደቂቃ ሲያልቅ ብዕሯን ታስቀምጣለች። በአሥራ አንደኛው ደቂቃ እጅግ ብርቅ ወፍ ቢመጣ እንኳ ከቆጠራው ውስጥ አይገባም፤ በኅዳግ ብቻ ይጻፋል። ይህ ጥብቅነት አላስፈላጊ ይመስላል፤ ነገር ግን ደስ ያለንን የምንጨምርበት ቆጠራ ከሌላ ቆጠራ ጋር ሊነጻጸር አይችልም።

ርቀት ለምን ይመዘገባል?

ቆጣሪዋ ከእያንዳንዱ ወፍ አጠገብ ሜትር የጻፈችበት ምክንያት የዚህ ሁሉ ሥራ ቁልፍ ስለሆነ በምሳሌ እንየው። አኃዞቹ ለማስረዳት ያህል የተፈጠሩ ናቸው።

በእንሰት ጓሮዎች 20 ነጥብ፣ እህሉ በታጨደባቸው ገላጣ ማሳዎች ደግሞ 20 ነጥብ ቆጠርን እንበል። በእያንዳንዱ ነጥብ እስከ 50 ሜትር ድረስ ያለውን ወፍ መዝግበናል። ውጤቱን ስንደምር በእንሰቱ 48፣ በማሳውም 48 ወፍ ሆነ። ርቀት ያልጻፈ ሰው እዚህ ላይ «ሁለቱ እኩል ናቸው» ብሎ ይደመድማል።

ርቀቱን ስንመለከት ግን ነገሩ ይገለጣል። በማሳው ከ25 ሜትር ወዲህ 12፣ ከ25 እስከ 50 ሜትር ባለው ቀለበት 36 ወፍ ተመዝግቧል። በእንሰቱ ከ25 ሜትር ወዲህ 24፣ በውጭው ቀለበትም 24 ነው። አሁን ስፋቱን እናስላ። 25 ሜትር ራዲየስ ያለው ክብ ወደ 1,963 ካሬ ሜትር ይሆናል። 50 ሜትር ራዲየስ ያለው ክብ ደግሞ 7,854 ካሬ ሜትር ስለሆነ፣ የውጭው ቀለበት ብቻውን ወደ 5,890 ካሬ ሜትር ነው፤ ይኸውም የውስጡ ክብ ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ወፎች በእኩል ተበትነው ካሉና ሁሉንም የምናይ ከሆነ፣ በውጭው ቀለበት የውስጡን ሦስት እጥፍ ማግኘት ነበረብን። በማሳው ልክ እንደዚያ ሆኗል፦ 12 እና 36። በእንሰቱ ግን 24 እና 72 መሆን ሲገባው የተገኘው 24 እና 24 ነው። በውጭው ቀለበት ከነበሩት ከየሦስቱ ወፎች ሁለቱ በቅጠል ተከልለው አምልጠውናል።

ሁሉንም እንዳየን በምናምንበት የውስጥ ክብ ብቻ ብናነጻጽር፣ 20 ነጥቦች ሲደመሩ 3.93 ሄክታር ይሆናሉ። በእንሰቱ 24 ወፍ ለ3.93 ሲካፈል በሄክታር 6 ገደማ፣ በማሳው 12 ሲካፈል በሄክታር 3 ገደማ ይመጣል። እኩል ናቸው ካልናቸው መኖሪያዎች በእውነት የአንዱ ወፍ የሌላው እጥፍ ነበረ።

ተመራማሪዎች ይህንኑ ሐሳብ ይዘው፣ ርቀት በጨመረ ቁጥር የመታየት ዕድሉ እንዴት እንደሚወርድ በሒሳብ ቀመር ያወጣሉ፤ የርቀት ናሙና ይባላል። ዘዴው የሚያርፈው ቆጣሪው በቆመበት ነጥብ ላይ ያለው ወፍ አያመልጥም፣ ወፉ ቆጣሪውን ሸሽቶ ሳይርቅ ይመዘገባል፣ ርቀቱም በትክክል ይገመታል በሚሉ መሠረቶች ላይ ነው። ቀመሩን የማያውቅ ሰው ደግሞ በ25 እና በ50 ሜትር ላይ ከፍሎ ቢመዘግብ ብቻ ትልቅ ነገር ሠርቷል። ርቀት መገመት በልምምድ የሚገኝ ችሎታ ነው፤ ከቆጠራው በፊት ገመድ ለክቶ፣ 25 ሜትሩ የቱ ዛፍ ላይ እንደሚያልቅ ምልክት አድርጎ ዓይንን ማለማመድ ይገባል።

ሰዓት፣ ወቅት፣ ሰው

አብዛኞቹ የየብስ ወፎች በብዛት የሚዘምሩትና የሚንቀሳቀሱት ንጋት ላይ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ያለው ጊዜ ለቆጣሪ ወርቅ ነው። ፀሐይ ከበረታ በኋላ ወፉ ጥላ ይይዛል፤ በስድስት ሰዓት ቆጥሮ «ወፍ የለም» ማለት ገበያ ከተበተነ በኋላ ደርሶ «ሰው የለም» እንደ ማለት ነው። ከዚህ የሚከተል አንድ ደንብ አለ፦ እንሰቱን ሁልጊዜ በጠዋት፣ ማሳውን ሁልጊዜ በረፋድ አትቁጠሩ። እንዲያ ከሆነ የምታነጻጽሩት ሁለት መኖሪያዎችን ሳይሆን ሁለት ሰዓቶችን ነው። ዛሬ እንሰቱ ከቀደመ ነገ ማሳው ይቅደም። ነፋስ ሲበረታና ዝናብ ሲጥል ቆጠራው ይቆማል፤ ድምፅ አይሰማምና።

ወቅቱም እንደዚሁ ነው። ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ የሚሸሹ ወፎች ከመስከረምና ከጥቅምት ጀምሮ ወደ ስምጥ ሸለቆ ይገባሉ። ሆዱ ቢጫ የሆነ ትንሽ ወፍ ጅራቱን እያወዛወዘ ከከብት ሥር ይሮጣል፤ የረግረግ ወፎች ይመጣሉ፤ በደጋው ላይ ንስሮች ይዞራሉ። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ አብዛኞቹ ይመለሳሉ። በጥር የተቆጠረ ሐይቅና በሐምሌ የተቆጠረ ሐይቅ ስለዚህ አንድ ሐይቅ አይደሉም። በዚህ ምክንያት ነው እ.ኤ.አ. በ1967 የተጀመረው ዓለም አቀፍ የውኃ ወፎች ቆጠራ በየዓመቱ በፈረንጆች ጥር አጋማሽ አካባቢ የሚደረገው፤ ተሰዳጆቹ የብርዱን ወራት በሚያሳልፉበት ቦታ ረግተው የሚቀመጡበት ጊዜ ነውና።

ሦስተኛው ሰው ነው። የአንዱ ጆሮ ቀጭኗን ድምፅ ይሰማል፣ የሌላው አይሰማም። አንዱ የወፍ ድምፅ ለይቶ ያውቃል፣ ሌላው ገና ተማሪ ነው። ስለዚህ ቆጣሪዎች አስቀድመው አብረው ይለማመዳሉ፤ በቆጠራውም ቦታ ይለዋወጣሉ። አንድ ሰው እንሰቱን ብቻ፣ ሌላው ማሳውን ብቻ ከቆጠረ በመጨረሻ የተነጻጸሩት ሁለቱ ሰዎች ናቸው። በሰሜን አሜሪካ ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄደው የመራቢያ ወቅት የወፍ ቆጠራ ብርታቱ እዚህ ላይ ነው፤ በአንድ የመንገድ መስመር 50 ቦታ መቆም፣ በእያንዳንዱ 3 ደቂቃ፣ እስከ 400 ሜትር ድረስ፣ ከፀሐይ መውጣት ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መጀመር። ሰዎቹ በሺዎች ቢሆኑም ደንቡ አንድ ስለሆነ የአንዱ ዓመት አኃዝ ከሌላው ጋር ይነጋገራል።

መንጋ ሲመጣ

ዝዋይ ላይ ስንደርስ ዘዴው ይለወጣል። እዚህ ወፉ በቅጠል አልተሸሸገም፤ ችግሩ ብዛቱ ነው። መንጋ ሲያርፍ አንድ፣ ሁለት ብሎ መቁጠር አይቻልም። ልምድ ያለው ቆጣሪ መጀመሪያ ከመንጋው ጫፍ አሥር ወፎችን በትክክል ይቆጥራል፤ አሥር ወፍ የሚይዘውን ቦታ በዓይኑ ይለካል፤ ከዚያ ተነሥቶ ሃምሳ ወይም መቶ የሚይዘውን ይገምታል፤ በዚያ መለኪያ መንጋውን እየከፈለ ይሄዳል። መሐሉ ከዳር ይልቅ የታጨቀ መሆኑን አይረሳም። ከተቻለ ሁለት ሰው ሳይነጋገር ይገምታል፤ በኋላ ያነጻጽራሉ። ፎቶ ማንሣትም ግምቱን ቤት ሄዶ ለማረም ይረዳል።

ይህ ችሎታ የገበሬውንም ጓዳ ይነካል። ግሪሳ ወፍ በስምጥ ሸለቆ በማሽላና በጤፍ ላይ ስትወርድ፣ አንዷ በቀን 10 ግራም ያህል እህል ልታጠፋ ትችላለች። ማደሪያዋ የት እንደሆነ፣ ስንት እንደምትሆን በትክክል ያልገመተ የመከላከል ሥራ ወይ ዘግይቶ ይደርሳል ወይ ያለ ቦታው መርዝ ይረጫል። የሚረጨው መድኃኒት ደግሞ ከግሪሳዋ ጋር ያደሩ ሌሎች ወፎችንም ይገድላል። ጥሩ ቆጠራ እህልንም ወፍንም ያድናል።

ብዛት ብቻውን አይናገርም

ቆጥረን ጨርሰን በአንዱ መኖሪያ ብዙ ዝርያ፣ በሌላው ጥቂት ዝርያ አገኘን እንበል። ብዙ የተገኘበት ይሻላል ማለት ነው? ሁልጊዜ አይደለም። ኢቫን ቡክሊና ባልደረቦቹ በኢትዮጵያ ደን እና በዛፍ ጥላ ሥር በሚለማ ቡና ውስጥ ወፎችን በመረብ እየያዙና እየለቀቁ ያካሄዱት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። በቡናው ውስጥ የተገኙት ዝርያዎች ከደኑ ይልቅ ብዙ ነበሩ። ይህ ለቡና ገበሬዎቻችን የሚያኮራ ዜና ነው። ነገር ግን ደን ብቻ የሚወዱት፣ በተለይም በደኑ ወለል ላይ ነፍሳት የሚለቅሙት ወፎች በብዛት የተገኙት በደኑ ውስጥ ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው። የትም መኖር የሚችሉ ወፎች ሲጨመሩ ዝርዝሩ ይረዝማል፤ ሌላ መሄጃ የሌላቸው ግን በዝርዝሩ ርዝመት ውስጥ ይሸሸጋሉ። ስለዚህ «ስንት ዝርያ?» ብለን «እነማን?» ማለት አለብን። በእንሴኖ ዙሪያም ጥያቄው እንደዚሁ ነው፤ እንሰቱ ሲነቀል የሚቀረው የትም የሚኖረው ሊሆን ይችላል፤ የሚጠፋው ማን እንደሆነ የሚነግረን የስም ዝርዝሩ ነው።

ተደጋግሞ የሚደረግ ቆጠራ ምን እንደሚያሳይ ደግሞ ከነጌሌ ቦረና አጠገብ ያለው የሊበን ሜዳ ይመሰክራል። በዚያ ሜዳ ሣር ውስጥ የምትኖር፣ የሊበን ላርክ የምትባል ትንሽ ወፍ አለች። ተመራማሪዎች በ2007 እና በ2009 እ.ኤ.አ. ያንኑ መስመር በእግራቸው ደግመው ቆጠሩ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ያገኙት ወፍ በ40 በመቶ ቀንሶ ነበር። ሜዳው በቁጥቋጦና በእርሻ እየተዋጠ፣ ሣሩም በግጦሽ እያጠረ ነበር። የዚያን ማስጠንቀቂያ ጉልበት የሰጠው አንድ ነገር ነው፦ የመጀመሪያው መስመር የት እንደነበረ፣ እንዴት እንደተቆጠረ በግልጽ ተጽፎ ስለነበር መድገም ተቻለ።

ከእንሴኖ መጀመር

በአገራችን ብዙ የተሠራ ሥራ አለ። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በ1996 እ.ኤ.አ. ለወፎች ጠቃሚ የሆኑ 69 ሥፍራዎችን ለይቶ አሳትሟል፤ ዝዋይ ሐይቅም ከእነርሱ አንዱ ነው። ጆን አሽና ጆን አትኪንስ በ2009 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የኢትዮጵያና የኤርትራ ወፎች ሥርጭት መጽሐፍ አገሪቱን በግማሽ ዲግሪ አራት ማዕዘኖች ከፍሎ፣ የትኛው ወፍ የት እንደታየ ያሳያል። ነገር ግን የአንዱ አራት ማዕዘን ጎን 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዘቢዳር እስከ ዝዋይ ያለው መንገዳችን በጥቂት እንዲህ ባሉ ክፍሎች ውስጥ ያልቃል። አስታው፣ እንሰቱ፣ በርበሬውና ሐይቁ በዚያ ካርታ ላይ ተደባልቀው አንድ ይሆናሉ። በመካከላቸው ያለውን ልዩነት ሊነግረን የሚችለው በእግሩ ሄዶ፣ መኖሪያውን ለይቶ የሚቆጥር የአካባቢው ሰው ነው።

ለዚህ የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ አይደለም፦ አቅራቢ መነጽር፣ የወፍ መጽሐፍ፣ ሰዓት፣ ደብተር፣ ቦታን የሚመዘግብ ስልክ። የቡታጅራ መምህርና ተማሪዎቹ፣ የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂ፣ የእንሴኖ ወጣት ሊጀምረው ይችላል። ከእንሰት አሥር ነጥብ፣ ከማሳ አሥር፣ ከባሕር ዛፍ አሥር፣ ከግራር ግጦሽ አሥር መርጦ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጥርና በሰኔ መቁጠር ይበቃል። በደብተሩ ላይ ቀን፣ የጀመረበትና የጨረሰበት ሰዓት፣ የአየሩ ጠባይ፣ የቆጣሪው ስም፣ የእያንዳንዱ ወፍ ርቀት ይጻፍ። ምንም ያልታየበት ነጥብም «0» ተብሎ ይጻፍ፤ ባዶ የተተወ ነጥብ ወፍ የለም ይሁን ቆጣሪ አልመጣም ማንም ሊያውቅ አይችልም። በኢበርድ በመሰለ ዓለም አቀፍ መዝገብ ላይ የሚያስገባም የተመረጡትን ብርቅ ወፎች ብቻ ሳይሆን የለያቸውን ሁሉ ያስገባ፤ ተራው እርግብና ቁራም መረጃ ናቸው።

የመጀመሪያው ዓመት ቆጠራ ብዙ ነገር የማይነግረን ይመስላል፤ መኖሪያዎቹን ያነጻጽራል እንጂ ለውጥ አያሳይም። ቢሆንም ከሁሉ የሚበልጠው ዋጋ የእርሱ ነው። የዘንድሮው ወፍ ዘንድሮ ካልተቆጠረ ከርሞ በምንም ጥበብ፣ በምንም ገንዘብ ሊቆጠር አይችልም፤ ከአሥር ዓመት በኋላ «ቀነሱ ወይ?» ብሎ ለሚጠይቅ ልጅ መልስ የሚሆነው ዛሬ የተጻፈው ደብተር ብቻ ነው።